የልጆች እግርና ልብሱ፤ በደብረ ታቦርና በጉና ዙሪያ ደጋ፣ ከአሜሪካ ጋር ተነጻጽሮ

1. የጥናቱ አሳብ

ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ነገሥታት ዘውድና ስለ መኳንንት ካባ ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ልጆች እግር የጻፉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ነገሩ እንደ ተራ ጉዳይ ታይቶ ይሆናል። እኛ ግን ልጅ በእግሩ ላይ የሚያደርገውና የማያደርገው ነገር ስለ አንድ አገር ኑሮ ሦስት ቁም ነገሮችን ይመሰክራል እንላለን። አንደኛው ክሩን የሚፈትለውና ልብሱን የሚሠራው ማን እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው ልጁ ቀኑን በምን ሥራ ላይ እንደሚያውል ነው። ሦስተኛውም ኅብረተሰቡ ክብር የሚለውና ነውር የሚለው ምን እንደ ሆነ ነው።

ለምርመራችን የመረጥነው አገር የደብረ ታቦር አካባቢ ነው። ከምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ አለ፤ በእግሩ ሥር ፋርጣ፣ ጋይንትና እስቴ ይገኛሉ። ወደ ምዕራብ ሲወርዱ የደራና የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ሐይቅ ይዘረጋል። ወደ ሰሜን ደግሞ ልቦ አለ፤ በዚያም ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ ጣራ ገዳም ከነጥንታዊ ደኑ ይታያል። በዚህ አገር ውርጭ የሚመታው ደጋና ወባ የሚበዛበት ቆላ ቀመስ ሜዳ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ይገናኛሉ። እንግዲህ ልብስን የሚወስነው ብርድ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የጉና ልጅ እግሩን አጥብቆ በሸፈነ፣ የፎገራ ልጅም በገለጠ ነበር። ነገር ግን ሁለቱም ለብዙ ዘመን በባዶ እግራቸው ሄደዋል። ይህ ለምን ሆነ? የሚለው ጥያቄ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ነው።

ለማነጻጸሪያ የወሰድነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የነበሩትን የአሜሪካን ልጆች ነው። እነርሱ እስከ ጭን የሚደርስ ሹራብ በእግራቸው ያጠልቁ በነበረበት ዘመን የእኛ ልጆች ባዶ እግራቸውን ነበሩ። ኋላ የአሜሪካ ልጆች ያንን ሹራብ ሲያወልቁ የእኛዎቹ ካልሲ መልበስ ጀመሩ። የአገራችንን ዘመን በዓመተ ምሕረት፣ የውጭውን ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) እንጽፋለን።

2. ባዶ እግርና ክብሩ

ዛሬ ባዶ እግር ሲባል ድህነት ወደ አሳባችን ይመጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን እንዲህ አልነበረም። መኳንንቱም ሳይቀሩ በባዶ እግራቸው ይሄዱ ነበር። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን የፈረስ ዕቃ ነው። የአገራችን ፈረሰኛ ወደ እርካብ የሚያስገባው መላውን ጫማውን ሳይሆን አውራ ጣቱን ብቻ ነበር፤ እርካቡም ለዚሁ እንዲስማማ ጠባብ ቀለበት ሆኖ ተሠርቷል። ጫማ ያደረገ ሰው በእንዲህ ያለ እርካብ ሊጋልብ አይችልም። ስለዚህ ባዶ እግር የፈረሰኛውም የባለ ሥልጣኑም ወግ እንደ ነበረ ከዕቃው ራሱ እንረዳለን። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በትግራይ ሲኖር የአገሩን ልብስ ለብሶ በባዶ እግሩ መሄድን ለምዷል፤ በ1853 ባሳተመው መጽሐፉም ይህን አትቷል።

ቤተ ክርስቲያንም ለዚህ ልማድ የራሷን ትርጉም ሰጥታዋለች። ሙሴ በተቀደሰ ምድር ላይ ጫማውን እንዲያወልቅ መታዘዙን የሚያስታውስ ሕዝብ፣ ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። ጫማ ማውለቅ የአክብሮት ምልክት በሆነበት አገር፣ ጫማ አለማድረግ በራሱ አሳፋሪ ሊሆን አይችልም። ነጠላ ጫማ ያደርጉ የነበሩት በተለይ ካህናት፣ ሽማግሌዎችና የቆላውን በረሃ የሚያቋርጡ ነጋዴዎች ነበሩ።

ይሁን እንጂ እግር ችላ የተባለ አካል አልነበረም። ማታ ማታ ልጅ የአባቱንና የእንግዳውን እግር በሙቅ ውሃ ያጥባል፤ ከጨዋነት ትምህርቶች ሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ይህንን ነው። ሴቶችና ልጃገረዶች እጃቸውንና እግራቸውን እንሶስላ ይሞቃሉ፤ በዚህም ቆዳቸው ቀይ ቀለም ይይዛል። የደኅና ሰው ልጅ የሆነች እንደ ሆነ በቁርጭምጭሚቷ ላይ የብር አልቦ ታደርጋለች። እሾህ ለሚወጋው ደግሞ ወረንጦ አለ፤ ብዙ ሰው በማተቡ ወይም በመታጠቂያው ላይ አንጠልጥሎት ይሄዳል። እንግዲህ እግር መታጠብ፣ እንሶስላ፣ አልቦና ወረንጦ አንድ ላይ ሆነው ሲታዩ፣ አገሩ የእግር ልብስ ባይኖረውም የእግር ሥርዓት እንደ ነበረው ግልጽ ነው።

ልጆችን በተመለከተ ሥርዓቱ እንደ ዕድሜያቸው ይለያያል። ሕፃን በእናቱ ጀርባ በአንቀልባ ታዝሎ እግሩ ከእናቱ ገላ ጋር ይሞቃል። መሄድ ሲጀምር ከአንገቱ ማተብና ክታብ፣ ከራሱም ቁንጮ ወይም ጋሜ በቀር ብዙ የሚለብሰው የለውም። ለሥራ ሲደርስ ወንዱ አጭር እጀ ጠባብ፣ ሴቷ ቀሚስ ይሰፋላቸዋል። ይህም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከእናት ወይም ከአባት ካረጀ ልብስ ተቆርጦ የሚዘጋጅ ነው። አዲስ ልብስ የሚታየው በዓመት በዓል ነው፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት የሚያመለክተው ይህንኑ ነው።

3. ደበሎ፣ ባናና ሸማ

ልብስ እንዲህ የተቆጠበበትን ምክንያት ለመረዳት የአሠራሩን ድካም ማየት ያስፈልጋል። ጥጥ በደጋ አይበቅልም፤ ከቆላ በነጋዴ እጅ ይመጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በልቦ የይፋግ ገበያ፣ በጣና ዳር የቆራጣ ከተማ፣ በደብረ ታቦር አጠገብም የማኅደረ ማርያም ገበያ የታወቁ የንግድ ቦታዎች ነበሩ። ሴቶች ጥጡን በመዳመጫ ከፍሬው ይለዩታል፤ በደጋን ይነድፉታል፤ ከዚያም በእንዝርት ይፈትሉታል። ድሩና ማጉ ሲሟላ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። በበጌምድር በሽመና ሥራ የታወቁት በተለይ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ነበሩ። አንዲት እናት ለአንድ ኩታ የሚበቃ ፈትል ለማዘጋጀት ከሌላው የቤት ሥራዋ ጋር ብዙ ሌሊት ማምሸት ነበረባት። እንዲህ ተደክሞበት የተገኘው ሸማ በፍጥነት ለሚያድግ ልጅ ተለክቶ አይቆረጥም።

የደጋው ሀብት ሱፍ ነው። የፋርጣና የጉና በጎች ጠጕር ተሸልቶ፣ ተፈትሎና ተሸምኖ ባና ይሆናል፤ ጨዋው የሚደርበው በርኖስም ከዚሁ ከሱፍ ይሠራል። እረኛው ልጅ ግን የሚለብሰው ደበሎ ነው፤ ይኸውም ጠጕሩ ያልተነሣ የበግ ቆዳ ነው። ደበሎ ዝናብ አያስገባም፤ ማታም ምንጣፍና ብርድ ልብስ ይሆናል። የቆሎ ተማሪም ልብሱ ይኸው ነው። ይህ አካባቢ የታላላቅ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች አገር መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ በጋይንት ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው፤ ደብረ ታቦርም በተክሌ አቋቋም ትታወቃለች። ወደ እነዚህ ቦታዎች ከሩቅ አገር የሚመጣ ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ በባዶ እግሩ ተጉዞ ይደርሳል። የሀብታም ልጅ እንኳ ቢሆን በዚህ ልብስ ይማራል፤ ትሕትና ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ነውና።

እዚህ ላይ ለመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ መስጠት እንችላለን። ሱፍ ያለው፣ ብርድ ያለው፣ ፈታይና ሸማኔ ያለው አገር ለምን የእግር ሹራብ አልሠራም? ምክንያቱ በሥራው ዘዴ ውስጥ ይገኛል ብለን እናምናለን። ሽመና ድርና ማግን አስተላልፎ ጠፍጣፋ ጨርቅ ያወጣል፤ ጨርቁም አይለጠጥም። ጨርቅ ተረከዝንና ቁርጭምጭሚትን ተከትሎ እንዲጠብቅ ካስፈለገ በብልሃት ተቆርጦ መሰፋት አለበት። ሹራብ ግን ሌላ ዘዴ ነው፤ አንድ ክር በቀለበት ቀለበት እየተያያዘ ክብ ሆኖ ይሠራል፤ ስለዚህም ይለጠጣል፣ ተመልሶም ይሰበሰባል። ይህ ዘዴ በደጋችን የእጅ ሥራ ውስጥ ሥፍራ አልነበረውም። ስለዚህ የደገኛው ልብስ ከትከሻ የሚወርድ ሰፊ ጨርቅ ሆነ፤ ጋቢም ሆነ ባና መላውን ገላ ይጠቀልላል፤ ሰውየው ሲቀመጥ እግሩን ከሥሩ አጥፎ ይሸፍነዋል። የቀረውን የሚያሞቀው የምድጃው እሳት ነው።

የሥራውም ዓይነት ይህንን አጽንቶታል። የእረኛ ልጅ በክረምት ጭቃ ውስጥ ከብት ሲመልስ ይውላል፤ የፎገራ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው ጫማን ከእግር መንጭቆ ያስቀራል። ርጥብ ሹራብም ከባዶ እግር ይልቅ ያበርዳል። በዚህ ሁኔታ የጠነከረ የእግር ቆዳ ከማናቸውም ልብስ የተሻለ ነበር።

4. ከዚህ ደጋ ወጥቶ የሄደ አንድ ልጅ

ሁለቱ የአለባበስ ሥርዓቶች በአንድ ልጅ ገላ ላይ ሲገናኙ የምናይበት አሳዛኝ ታሪክ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መናገሻቸው፣ ጋፋትንም የመድፍ መሥሪያቸው አድርገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 ከተማውን አቃጥለው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ። በ1868 መቅደላ ሲወድቅ የሰባት ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በእንግሊዞች ወደ ባሕር ማዶ ተወሰደ። በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት ዝነኛዋ ፎቶግራፍ አንሺ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ከጠባቂው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር በአገሩ ልብስና በአንገት ጌጡ ሳለ አንሥታዋለች። ከዚያ በኋላ በተነሡት ፎቶግራፎች ግን የእንግሊዝ ልጆችን ልብስ ለብሶ ይታያል። በቼልተናም፣ በራግቢና በሳንድኸርስት ተማረ፤ በ1879 ገና በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ዐረፈ፤ አስከሬኑም በዊንድሶር ተቀበረ። ልጁ ልብስ ሲለወጥለት ማንም ፈቃዱን አልጠየቀውም። የልጅን ልብስ የሚመርጥለት ሁልጊዜ ሌላ ሰው መሆኑን ይህ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ያስታውሰናል።

5. የአሜሪካ ልጆች የእግር ሹራብ

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ እ.ኤ.አ. በ1589 የሹራብ መሥሪያ መኪና ከፈጠረ በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንፋሎት የሚሽከረከሩ ክብ መኪናዎች ሥራውን እጅግ አፋጠኑት። በ1900 ገደማ የአሜሪካ ልጅ ወንድም ሆነ ሴት እስከ ጭኑ የሚደርስ፣ ብዙውን ጊዜ ጥቁር የሆነ፣ እንደ ትልም መስመር መስመር ያለው ወፍራም የጥጥ ሹራብ በእግሩ ያጠልቅ ነበር። ወንዱ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ሱሪ፣ ሴቷም አጭር ቀሚስ ስለሚለብሱ፣ የቀረውን እግር የሚሸፍነው ይኸው ሹራብ ነው። እንዳይወርድም ከደረት ከሚለበስ ሰደርያ በሚወርድ በሚለጠጥ ማሰሪያ ይያዛል። በዊስኮንሲን ግዛት በኬኖሻ ከተማ ይሠራ የነበረው «ብላክ ካት» የሚባለው ዓይነት እጅግ የታወቀ ነበር። እንደ ሲርስና እንደ ሞንትጎመሪ ዋርድ ያሉት ነጋዴዎች ደግሞ በፖስታ በሚልኩት የዕቃ መዝገብ አማካይነት ሹራቡን እስከ ገበሬው ቤት ያደርሱት ነበር። ልጆች በጉልበታቸው ስለሚንበረከኩ የሹራቡ ጉልበት በድርብ ክር ይሠራል፤ ሲቀደድም እናቶች ማታ ማታ ይጠቅሙታል።

ጥቁሩን ቀለም በተለይ ታቀርብ የነበረችው ጀርመን ነች። በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣና የጀርመን ንግድ በባሕር ሲታገድ አሜሪካ የቀለም ችግር ደረሰባት። ከጦርነቱ በኋላ ቡናማና ነጭ ቀለሞች እየበዙ ሄዱ። በ1920ዎቹ ወንዶች ልጆች ከጉልበት በታች ታጥፎ የሚቀር ባለ ጌጥ ሹራብ ማድረግ ጀመሩ። በ1930ዎቹ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚቀረው አጭር ካልሲ ተስፋፋ፤ ረጅሙ ሹራብ ለብርድ ወራት ብቻ ቀረ። ፀሐይና ነፋስ ለልጅ ገላ ይበጃሉ የሚለው የሐኪሞች ምክርም ለውጡን ረድቶታል። እናቶቻቸው ነውር ይሉት የነበረውን የተገለጠ እግር ልጆቹ ጤና ብለው ተቀበሉት።

ይህ ታሪክ ግን ሌላ ገጽ አለው። ሹራቡን ከሚሠሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ልጆች ነበሩ። ለብሔራዊው የልጆች ሥራ ኮሚቴ ከ1908 ጀምሮ ፎቶግራፍ ያነሣ የነበረው ሉዊስ ሃይን በ1910 በቴነሲ ግዛት በላውደን ከተማ የሹራብ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ትናንሽ ልጆችን አንሥቶ ለሕዝብ አሳይቷል። በ1916 የልጆችን ሥራ የሚገድብ ሕግ በምክር ቤት ወጣ፤ በ1918 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው። ጽኑ ሕግ የተገኘው በ1938 ነው። በዚያው በደቡባዊው አሜሪካ የድሃ ልጆች በባዶ እግራቸው ይሄዱ ነበር፤ ከአፈር በእግር ቆዳ በኩል በሚገባው የመንጠቆ ትል ምክንያትም ደማቸው እያነሰ ይታመሙ ነበር። በ1909 በሮክፌለር የአንድ ሚሊዮን ዶላር ስጦታ የተቋቋመው የጤና ኮሚሽን ልጆችን ሲመረምር ከመቶ 40 ያህሉ ትሉ እንዳለባቸው አገኘ። መድኃኒት ከመስጠትም ጋር መጸዳጃ ቤት እንዲቆፈርና ጫማ እንዲደረግ አስተማረ። ስለዚህ «አሜሪካ ሹራብ ያደርግ ነበር፤ ኢትዮጵያ በባዶ እግሩ ይሄድ ነበር» ብሎ በአጭሩ መደምደም ስሕተት ነው። በአንድ አገር ውስጥ አንዱ ልጅ ሹራብ ይለብሳል፣ ሁለተኛው ሹራብ ይሠራል፣ ሦስተኛው ባዶ እግሩን ይሄዳል።

6. አቡጀዲድ፣ ሹራብና ካልሲ

የአሜሪካ ጥጥ ወደ አገራችን የደረሰው በእግር ሹራብ መልክ አልነበረም፤ በአቡጀዲድ መልክ ነው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚሸምኑት ወፍራም ያልነጣ ጨርቅ በኤደንና በቀይ ባሕር ዳርቻ በኩል ገብቶ በገበያችን ተወደደ። የአሜሪካ መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር በ1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋል፣ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ይህ የጥጥ ጨርቅ ንግድ ነበር። አቡጀዲድ የእናቶችን የፈትል ድካም ቀንሷል፤ ለልጅም አዲስ ልብስ መቁረጥ እንደ ቀድሞው ከባድ ወጪ አልሆነም። በአንጻሩ የፈታይዋንና የሸማኔውን ገበያ ማጥበቡ አልቀረም።

የእግር ልብስ ታሪክ በቃላት ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። «ሹራብ» የሚለው ቃላችን በግብፅና በሱዳን ዓረብኛ የእግር ሹራብ ማለት ከሆነው ቃል ጋር አንድ ነው። በእኛ ቋንቋ ግን ቃሉ ከእግር ወደ ደረት ወጣ፤ ሹራብ ሲባል ከገላ በላይ የሚለበሰውን ማለት ሆነ፤ ለእግሩም «የእግር ሹራብ» የሚል መለያ አስፈለገው። ይህም ሰዎች ለገላቸው የሚሆነውን ሹራብ አስቀድመው እንደ ተቀበሉና የእግሩ ዘግይቶ እንደ መጣ ያመለክታል። «ካልሲ» ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ባለ ሥልጣኖችና ወታደሮች ከጉልበት በታች ይታጠቁት የነበረው «ገምባሌ»ም እንዲሁ የጣሊያን ቃል ነው። እነዚህ ቃላት የደረሱበት መንገድ ንግድ፣ ጦርና ወረራ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን ያዘ፤ በ1933 ዓ.ም. ሰኔ ወር በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተገዶ ለቀቀ፤ ጎንደር ነጻ የወጣችው ደግሞ በ1934 ዓ.ም. ኅዳር ነው። ጠላት ሄደ፤ ካልሲ የሚለው ቃል ግን ቀረ።

7. ትምህርት ቤቱና መንገዱ

የልጆችን እግር የለወጠው ዋናው ኃይል ግን ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ፣ በ1925 የተፈሪ መኰንን፣ በ1931 የእቴጌ መነን ትምህርት ቤቶች በአዲስ አበባ ሲከፈቱ፣ ተማሪ በአለባበሱ ከሌላው ልጅ የሚለይበት ሥርዓት ተጀመረ። በደብረ ታቦርም ከጣሊያን ወረራ በፊት የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሕክምናና ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ ከነጻነት በኋላም የመንግሥት ትምህርት ቤት ተስፋፋ። የተማሪው ምልክት የካኪ ቁምጣ ሆነ። ቁምጣ ልክ እንደ አሜሪካው አጭር ሱሪ ባትን ገልጦ ይተወዋል፤ ነገር ግን የእኛ ልጅ ያንን የሚሸፍንበት ሹራብ አልነበረውም። ስለዚህ በክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ የታየው ተማሪ ከላይ ደብተር የያዘ፣ ከታች ባዶ እግሩን የቆመ ልጅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለውጡ በየደረጃው መጣ። መጀመሪያ ሸራ ጫማ፣ ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶና የላስቲኩ ኮንጎ ጫማ ገበያ ገቡ። ኮንጎና በረባሶ ካልሲ የማይፈልጉ፣ ታጥበው ወዲያው የሚደርቁ፣ ለገበሬ ልጅ የሚስማሙ ነበሩ። ካልሲ ግን የሽፍን ጫማ ጓደኛ በመሆኑ ለብዙ ጊዜ የከተማ ልጅ ምልክት ሆኖ ቆየ። ልጃገረዶች በባልትና ትምህርት ሹራብና ኪሮሽ መሥራት ሲማሩ፣ ያ ቀድሞ በደጋው ያልነበረው የቀለበት ዘዴ ወደ ቤት ገባ፤ ለአራስ ቤት የሚወሰደው ስጦታም የሕፃን ቆብና ካልሲ ሆነ። በ1950ዎቹ በባሕር ዳር የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጨርቁን ወደ አካባቢው አቀረበው። በደርግ ዘመን በቻይናውያን እርዳታ የተሠራው የወረታ ወልዲያ መንገድ ደግሞ ደብረ ታቦርንና ጋይንትን ከሩቅ ገበያ ጋር አገናኘ። ከዚያ ወዲህ ሰልባጅ በየገበያው ተዘረጋ፤ ከባሕር ማዶ ልጅ እግር የወጣ ካልሲ በጉና ሥር ላለ ልጅ እግር ደረሰ።

የሕዝቡ አሳብም በዚያው መጠን ተለወጠ። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ዓለም ተደነቀ። በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት በቶኪዮ ሲያሸንፍ ግን ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ ነበር። ሰውየው አንድ ነው፤ ጉልበቱም አንድ ነው። በአራት ዓመት መካከል የተለወጠው እግሩ ላይ ያለው ነገር ብቻ ነው። ባዶ እግር የጀግንነት ምልክት ሆኖ በመላው ዓለም በተወራበት ዘመን፣ በአገር ቤት ግን የተማሪ ልጅ በባዶ እግሩ ማፈር ጀምሮ ነበር።

8. ጤናና የቀረው ሥራ

ከክብርና ከነውር በላይ የሆነ አንድ ጉዳይ አለ። በደጋችን ዝናብ በሚበዛባቸውና ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ቀይ አፈር ባለባቸው ቦታዎች ሰዎች በእግራቸው እብጠት ይሠቃያሉ። ይህ የዝሆን እግር የሚባለው በሽታ ለብዙ ዘመን እንደ ዘር እዳ ወይም እንደ እርግማን ሲቆጠር ኖሯል፤ በሽተኛውም ከጋብቻና ከማኅበር ይገለል ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር ምክንያቱን ገለጠ። ከቀይ አፈሩ የሚነሡ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፤ በጊዜ ብዛትም በእግር ውስጥ ያለውን የፈሳሽ መስመር ያቆስሉታል፤ እግሩም ያብጣል። በሽታውም ፖዶኮኒዮሲስ ተባለ። ከአንድ ቤተሰብ ብዙ ሰዎችን የሚይዘው አንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው ይበልጥ ስለሚጋለጥ ነው፤ ሆኖም አፈሩ እግሩን ካልነካው አይታመምም። እ.ኤ.አ. በ2013 በመላው አገሪቱ የተደረገው ጥናት በኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል በሽተኞች እንዳሉ ገምቷል።

መከላከያው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲለው የምንፈልገው ነገር አለ። ማታ እግር የማጠብ ሥርዓት በቤታችን ጥንት የነበረ ነው። ከውጭ መምጣት የነበረበት ጫማው ብቻ ነው። ጫማው ሲመጣ እጥበቱ ከቀረ ግማሹን መከላከያ በራሳችን እጅ ጥለነዋል ማለት ነው። እጥበቱ ደግሞ ለአባትና ለእንግዳ ብቻ መሆን የለበትም፤ ቀኑን ሙሉ አፈር ሲረግጥ የዋለው የአጣቢው ልጅ እግር ከሁሉ ይልቅ ውሃ ይሻል።

9. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው የሚከተሉትን ሦስት ነጥቦች እናወጣለን። አንደኛ፣ የደጋው ልጅ እግር ባዶ የሆነው በድህነት ብቻ አይደለም፤ የሽመናው ዘዴ፣ የእረኝነቱ ሥራና የክብሩ ሥርዓት በአንድነት የወሰኑት ነው። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ ልጅ ሹራብ የለበሰው ብርድ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ መኪናው ሹራቡን ስላረከሰውና እናቶች የተገለጠ እግርን ነውር ስላሉት ነው፤ ነውሩ ሲነሣ ሹራቡም ወረደ። ሦስተኛ፣ በሁለቱም አገሮች ፋሽን የማይመልሰው የጤና ጥያቄ ከሥር ነበረ፤ እርሱም አፈርን የሚረግጠው የድሃ ልጅ እግር ጥያቄ ነው።

ከዚህም ጋር አንድ አሳብ እናቀርባለን። የመኳንንት ካባና የጦር ዕቃ በየቤተ መዘክሩ ይጠበቃል። የእረኛ ደበሎ፣ የጣት እርካብ፣ የሕፃን አንቀልባ፣ ወረንጦና የመጀመሪያው ዘመን በረባሶ ግን በየቤቱ እያለቁ ናቸው። ቆዳ ይበላሻል፤ ጎማም ይጣላል። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዕቃዎቹን ከነስማቸው፣ ከነአሠራራቸውና ከተገኙበት ቀበሌ ጋር መዝግበው ቢሰበስቡ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ የልጆችን ታሪክ ከልጆቹ ዕቃ ላይ ሊያነበው ይችላል። ሽማግሌዎቹም በሕይወት ሳሉ እንዲጠየቁ አደራ እንላለን።